«ከደከመህ መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአምስት ሰዎች ደረሰኝ። አምስቱም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። «አንብቢው፣ ይጠቅምሻል» ብለው ነው የላኩልኝ። ጽሑፉ የካንሰር መድኃኒት የሚያመጣውን ድካም እንዴት መቋቋም እንደሚቻል ይመክራል። ብዙ ሰው ተቀባብሎታል፤ ብዙ ሰውም አመስግኖበታል።

እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ ረጋ ብዬ። ይህን የምጽፈው ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ላስቀድም። የኩላሊት ካንሰር አለብኝ። ሱኒቲኒብ የሚባለውን እንክብል መውሰድ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ድካም የማውቀው ግማሹ በማንበብና ሐኪሞቼን በመጠየቅ የመጣ ነው። ግማሹን ያወቅሁት ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤት ያሉትን ዘጠኝ እርምጃዎች እየቆጠርኩ ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ድካሙ መድኃኒቱ ካንሰሩን እየመታ ለመሆኑ ምልክት ስለሆነ ደስ ሊለን ይገባል። ሰውነት እንደ ስልክ ባትሪ ነው፤ ስለዚህ መፍትሔው ጋደም ብሎ ጉልበትን መቆጠብ ነው። ከድካሙ ግማሹ የመንፈስ ስለሆነ ጠንካራ ሰው ያሸንፈዋል። ለሐኪም ድካምን አብዝቶ መናገር የመድኃኒቱን መጠን ያስቀንሳል፤ የተቀነሰ መድኃኒት ደግሞ ግማሽ ሽንፈት ነው፤ ስለዚህ ሲብስ ዝም ብሎ አንድ ሁለት ቀን መዝለል ይሻላል። ቫይታሚንና ጉልበት ሰጪ ማሟያዎች ድካሙን ይመልሱታል። በመጨረሻም ሕክምናው ባለቀ በጥቂት ሳምንታት ድካሙ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ከቀጠለ «ልማድ» ሆኗል ማለት ነው።

ልክ ያሉትንም ልናገር። ድካሙ እውነተኛ ነው ብለዋል፤ ልክ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ከሚያማርራቸው ነገሮች በብዛት ቀዳሚው ነው ብለዋል፤ በዚህም አልከራከርም። ቤተሰብ ታማሚውን «ሰነፍክ» እንዳይለውም መክረዋል። ለዚች ምክር ብቻ ጽሑፉን ማመስገን ይቻል ነበር። ችግሩ መጨረሻው ላይ ራሳቸው መልሰው «ልማድ» ማለታቸው ነው።

ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

«ከደከመህ መድኃኒቱ እየሠራ ነው»

ይህ አባባል ለምን እንደሚወደድ ይገባኛል። ቀኑን ሙሉ ወድቆ የዋለ ሰው «በከንቱ አይደለም» ብሎ ማመን ይፈልጋል። ጸሐፊው ሐሳቡን ከመሬት ተነሥተው አላመጡትም። የጎንዮሽ ጉዳት ከመድኃኒቱ ውጤት ጋር የሚያያዝበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ሴቱክሲማብ የሚባለውን መድኃኒት ወስደው ቆዳቸው ላይ ሽፍታ የወጣባቸው ሰዎች፣ ካልወጣባቸው ይልቅ መድኃኒቱ እንደሠራላቸው በተደጋጋሚ ታይቷል።

ድካም ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኤንዛሉታማይድ ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በ2012 የታተመው ትልቁ ጥናት ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) መድኃኒቱን ከወሰዱት ወንዶች ከመቶ 34ቱ ድካም እንዳለባቸው ተናገሩ። በውስጡ ምንም መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ እንክብል የወሰዱትስ? ከመቶ 29ኙ ደክሟቸው ነበር። ድካም የመድኃኒት መሥራት ምልክት ከሆነ፣ የእነዚህ የ29ኙ ድካም የየትኛው መድኃኒት ምልክት ነው?

ነገሩን ገልብጠን ደግሞ እንየው። ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ይህንኑ ጽሑፍ አንብባ ኖሮ፣ «እህቴ፣ እኔ ብዙም አልደከመኝ። አልሠራልኝም ማለት ነው?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። ልታመሰግንበት በሚገባት ነገር እየተጨነቀች ነበር። መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በሲቲ ስካን፣ በደም ምርመራና ሐኪም በሚያደርገው ምርመራ ነው። በድካም አይለካም።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አባባል ሰውን ዝም ማሰኘቱ ነው። እኔ ራሴ ዝም ብዬ ነበር።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በስምንተኛው ወር ገደማ ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ በፊት የነበረው ድካም ይመጣል፣ ይሄዳል። ይሄኛው መጣና ተቀመጠ። ሰው በስስ ልብስ በሚሄድበት ቀን እኔ በሁለት ብርድ ልብስ እንቀጠቀጣለሁ። ቆዳዬ ደረቀ፣ ሆዴ ደረቀ፣ ድምፄ ጎረነነ። አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያው ላይ ምን እንደነበር አላስታውስም። ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ፤ «በቃ መድኃኒቱ እየሠራ ነው።» ነርሷ በየቀጠሮው «ድካምዎ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው?» ትለኛለች። እኔ «ደህና ነኝ» እላታለሁ። አንድ ቀን ግን አልለቀቀችኝም። «ደህና ነኝ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩን ይንገሩኝ» አለች። «ስምንት» አልኳት፤ እንባዬም መጣ።

በዚያው ቀን ደም ሰጠሁ። የታይሮይድ ዕጢዬ ሥራውን ሊያቆም ደርሶ ነበር። ሱኒቲኒብ ይህን በማድረግ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ሐኪሞች የታይሮይድ ምርመራ እየደጋገሙ የሚያዙትም ለዚህ ነው። የጎደለው ሆርሞን በእንክብል ይተካል። በሁለት ወር ውስጥ ስምንቱ አምስት ሆነ። ዜሮ አልሆነም፤ እንዲህ ብዬ አልዋሽም። ግን በስምንትና በአምስት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ያውቀዋል። በስምንት ሰው ፀጉሩን መታጠብ ያቅተዋል። በአምስት ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ወዳጁን ቁጭ ብሎ ያናግራል።

የእኔ ታሪክ ልዩ ሆኖ አይደለም። የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁት መድኃኒቶች፣ እነ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ፣ ታይሮይድንም ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል የሚባለውን ዕጢም ሊጎዱ ይችላሉ። የአድሬናል ጉዳት መጀመሪያ ላይ ድካም ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ካልታከመ ግን ሕይወት ላይ ይደርሳል። የደም ማነስ አለ። ያልታከመ ሕመም አለ፤ ሌሊት እያስነሣ ቀን የሚጥል። የተደበቀ ኢንፌክሽን፣ የውሃና የጨው መዛባት፣ የልብ ድካም አለ። ለማቅለሽለሽ፣ ለአለርጂ ወይም ለሕመም የተሰጡ ሌሎች መድኃኒቶችም ራሳቸው ሊያደክሙ ይችላሉ። እነዚህ ሁሉ ይመረመራሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። ድካሙን እንደ መልካም ዜና የተቀበለ ሰው ግን አያስመረምርም።

አንድ ነገር ደግሞ በአጽንዖት ልበል። ድካሙ በድንገት ከባሰ፣ ወይም ከትኩሳት፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከደረት ሕመም፣ ራስን ከመሳት ወይም ግራ ከመጋባት ጋር ከመጣ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ይደወላል ወይም ይኬዳል።

«ሰውነት እንደ ስልክ ባትሪ ነው»

ምሳሌው ቀላል ስለሆነ ሰው ይይዘዋል። ግን እውነት አይደለም። ስልክ ሲተኛ ቻርጅ ይሞላል። ጡንቻ ሲተኛ ይሟሽሻል። ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ የዋለ ጤነኛ ሰው እንኳ ሲነሣ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል። የሰው ጉልበት መንገድን ይመስላል፤ ካልተረገጠ ሣር ያበቅላል።

የካንሰር ድካም ከተራ ድካም የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ተራ ድካም ከሠሩት ሥራ ጋር ይመጣጠናል፤ ተኝተው ሲነሡም ይለቃል። ይሄኛው ካደረጉት ነገር ጋር አይመጣጠንም። ዐሥር ሰዓት ተኝተው ደክመው ይነሣሉ። እንቅልፍ ቢያድነው ኖሮ እኔ ያኔውኑ ድኜ ነበር።

ታዲያ ምን ይረዳል? በ2017 የታተመ አንድ ትልቅ ትንታኔ 113 ጥናቶችንና ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አየ። ለድካሙ ይበልጥ የረዱት ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ የሰውነት እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ። ለድካም ተብለው የተሰጡ መድኃኒቶች ከሁለቱም በብዙ ያነሰ ነበር የረዱት። የባለሙያዎች ምክርም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ 30 ደቂቃ የሆነ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንታት ይላል።

አውቃለሁ። ስምንት ላይ ላለ ሰው «30 ደቂቃ» ስድብ ነው። እኔም ስሰማው ሐኪሙን እንደ ጠላት ነው ያየሁት። ስለዚህ ከ30 ደቂቃ አትጀምሩ። እኔ ከዘጠኙ እርምጃ ነው የጀመርኩት። ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ አንድ ዙር ጨመርኩ። በሳምንቱ ሁለት ዙር። ከዚያ በር ድረስ፣ ከዚያ ከበር ውጭ አምስት ደቂቃ። በጣም ያስቸገረኝ ነገር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም ለውጥ አለማየቴ ነው። በአራተኛው ሳምንት ከመራመዴ በፊት ይልቅ ከተራመድኩ በኋላ እንደሚሻለኝ አስተዋልኩ። ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም። መጥፎ ቀን ሲሆን አሳጥረዋለሁ፤ አልሰርዘውም።

እንቅስቃሴ ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ቀን ነው እያልኩ አይደለም። ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሰራጨበት ሰው፣ ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በጣም የወረደበት፣ ከባድ የደም ማነስ ያለበት ወይም እግሩ ደንዝዞ ሚዛን የሚስት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይጠይቅ። ትኩሳት ባለበት ቀን ማረፍ ነው።

ዕረፍትን በሚመለከት ለጸሐፊው ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። ዕረፍት ያስፈልጋል። ጉልበትን መቆጠብም ራሱን የቻለ ዘዴ ነው፤ በጥናት ተፈትሾ መጠነኛ ጥቅም ታይቶበታል። ግን ጉልበት መቆጠብ ማለት መተኛት አይደለም። ቀኑን ማቀድ ነው። እኔ ጠዋት ላይ ነው የምሻለው፤ ስለዚህ ጭንቅላት የሚፈልግ ሥራ ሁሉ ጠዋት ነው። ገላዬን የምታጠበው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ልብስ የማጥፈውም ቁጭ ብዬ ነው። ቀን ብተኛ ከግማሽ ሰዓት አላሳልፍም፤ ካለፈ ሌሊቱን እከፍልበታለሁ። ከሁሉም በላይ የከበደኝ ትምህርት ግን ደህና በሆንኩበት ቀን አለመስገብገብ ነው። ደህና ቀን ሲመጣ የሳምንቱን ሥራ በአንዴ ልጨርስ እላለሁ። ከዚያ ሦስት ቀን እወድቃለሁ። አሁን ደህና ቀን ላይ «ገና እችላለሁ» ስል ነው የማቆመው።

«ጠንካራ መንፈስ ያሸንፈዋል»

እዚህ ላይ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ይጣላል። ድካሙን ያመጣው መድኃኒቱ ከሆነ፣ መንፈሰ ጠንካራ ሰው ላይ መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው? ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

ድባቴ የሚያደክም መሆኑን አልክድም። ድካምና ድባቴ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ አንዱም ሌላውን ያባብሳል። ግን አንድ አይደሉም። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ኬሞቴራፒ የሚወስዱና ድካም ያለባቸው ሰዎች ተመርጠው ለአንደኛው ወገን ፓሮክሴቲን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት፣ ለሌላው አስመሳይ እንክብል ተሰጠ። ፓሮክሴቲን የወሰዱት ሰዎች የድባቴ ስሜታቸው ቀለል አለ። ድካማቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ድካሙ ከመንፈስ መውደቅ የመጣ ቢሆን ኖሮ አብሮ በቀለለ ነበር።

ከላይ የጠቀስኩት ትንታኔ የሥነ ልቦና ድጋፍ ይረዳል ማለቱን አልረሳሁም። እኔም ተጠቅሜበታለሁ፤ በተለይ ለእንቅልፍ። ግን «ይህ ይረዳሃል» ማለትና «ያልረዳህ ደካማ ስለሆንክ ነው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ፊዚዮቴራፒ የተሰበረ እግርን ይረዳል። እግሩ የተሰበረው በስንፍና ነው የሚል የለም።

«ለሐኪም አትናገር፤ ሲብስ አንድ ሁለት ቀን ዝለል»

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ከተነሣሁበት ምክንያት ዋናው ይህ አንቀጽ ነው። ሌሎቹ ስሕተቶች ሰውን ያጉላላሉ። ይሄኛው ሊገድል ይችላል።

መጀመሪያ ስለ መዝለሉ። ኢማቲኒብ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጥ የየቀኑ እንክብል ነው። በ2010 የታተመ ጥናት ይህን መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱ 87 ሰዎችን ተከታተለ። ከታዘዘላቸው እንክብል ከመቶ ከ90 በላይ የወሰዱት ሰዎች በስድስት ዓመት ውስጥ በሽታው በጥልቀት የመቀነስ ዕድላቸው ከመቶ 94 ገደማ ነበር። ከመቶ 90 ወይም ከዚያ በታች የወሰዱትስ? 28 ገደማ። እስቲ አስቡት። በወር ሦስት እንክብል የዘለለ ሰው ከመቶ 90 ላይ ነው ያለው። ጸሐፊው «አንድ ሁለት ቀን ምን አላት» ያሏት ነገር ይህች ናት።

ደግሞ መዝለሉ ለድካሙ እንኳ ብዙ አይረዳም። ሱኒቲኒብን ልውሰድ፤ የራሴ ስለሆነ። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ40 እስከ 60 ሰዓት ይፈልጋል። ሰውነት ከእሱ የሚሠራው ሌላው ንቁ ውህድ ደግሞ ከ80 እስከ 110 ሰዓት። አንድ ቀን ብዘልል መድኃኒቱ ከደሜ አይወጣም። ድካሙም አብሮት አለ። ሕክምናዬን አጓድዬ ዕረፍቱንም አላገኘሁም ማለት ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ሐኪሙ ሳያውቅ የዘለለ ሰው ስካን ሲነሣ ዕጢው አድጎ ቢገኝ፣ ሐኪሙ ምን ይላል? «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል። ምናልባት ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል መድኃኒት ይቀየራል። የሚቀየርባቸው መድኃኒቶች ደግሞ ማለቂያ የሌላቸው አይደሉም።

አሁን ወደ «የተቀነሰ መድኃኒት ግማሽ ሽንፈት ነው» ልምጣ። ፍርሃቱን አልንቅም። እኔም ሐኪሜ ስለ ማስተካከል ሲያነሣ መጀመሪያ የሰማሁት «ተስፋ ቆርጠንብሻል» የሚል ነበር። እሱ ግን እንደዚያ አላለም። ያለው፣ መድኃኒት የሚጠቅመው ሰው ሊወስደው ሲችል ነው።

ሬጎራፌኒብ የሚባለውን መድኃኒት ታሪክ ላንሣ። ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር የሚሰጥ ነው፤ በማድከምም የታወቀ ነው። የተለመደው መነሻ በቀን 160 ሚሊግራም ነው። በ2019 በታተመ ጥናት አንደኛው ቡድን በ160 ጀመረ። ሌላው በ80 ጀምሮ፣ ሰውነቱ እየቻለ ሲሄድ በየሳምንቱ ከፍ አለ። ሦስተኛውን ዙር ሕክምና ለመጀመር የበቁት በ160 ከጀመሩት ከመቶ 26፣ በ80 ከጀመሩት ደግሞ ከመቶ 43 ነበሩ። በትንሽ የጀመሩት ብዙ ዘለቁ፤ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውም አልቀነሰም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2021 ፕሮጀክት ኦፕቲመስ የሚባል ሥራ የጀመረውም ለዚህ ነው። «ሰው የሚችለው ከፍተኛው መጠን ሁልጊዜ የተሻለው መጠን ነው» የሚለው የድሮ አስተሳሰብ ለአዳዲሶቹ የካንሰር መድኃኒቶች እንደማይሆን ስለታየ መድኃኒት ሠሪዎች ትክክለኛውን መጠን ቀድመው እንዲፈልጉ ይጠይቃል።

እኔ ዘንድ መጠኑ እንኳ አልተቀነሰም። የተቀየረው አወሳሰዱ ነው። በፊት አራት ሳምንት ወስጄ ሁለት ሳምንት አርፍ ነበር። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ ድካሙ ይከመርብኝ ነበር። ሐኪሜ ወደ ሁለት ሳምንት መውሰድና አንድ ሳምንት ማረፍ ቀየረው። ቁጥሩን ብትደምሩት በስድስት ሳምንት ውስጥ የምወስደው ያው ነው። ለውጡ ግን ትልቅ ነበር። ድካሜን ደብቄ ቢሆን ኖሮ ይህን መንገድ በፍጹም አላገኘውም ነበር።

አንድ ነገር ለጸሐፊው ልቀበል። በመድኃኒት መካከል ማረፍ የሚለው ሐሳብ በራሱ እብደት አይደለም። የእኔም መድኃኒት ዕረፍት አለው። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ፓልቦሲክሊብም 21 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይታረፋል። ልዩነቱ ግን እነዚህ ዕረፍቶች ታስበው፣ ተለክተውና ተመርምረው የተቀመጡ መሆናቸው ነው። በድብቅ የሚዘለል ቀን ዕረፍት አይደለም።

ስለ መናገርም ልጨምር። በ2017 የታተመ ጥናት 766 ሰዎችን ያካተተ ነበር፤ ሁሉም ለተሰራጨ ካንሰር ኬሞቴራፒ የሚወስዱ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ድካምን ጨምሮ ምልክቶቻቸውን በኮምፒውተር አዘውትረው ያስመዘግባሉ፤ ሲብስ ለነርስ መልእክት ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 31.2 ወር ሲሆን፣ እንደተለመደው የታከሙት 26 ወር ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገ ሰፊ ጥናት የዕድሜውን ልዩነት አልደገመውም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። የኑሮ ጥራታቸው መሻሻሉንና ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱበት ጊዜ መራቁን ግን አሳይቷል። በየትኛውም ጥናት ዝም ማለት ሲያሸንፍ አላየሁም።

«ግን ሐኪሙ ጊዜ የለውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቀጠሮ አጭር ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩ የሚጠቅመው። እኔ ማታ ማታ ከዜሮ እስከ ዐሥር አንድ ቁጥር በስልኬ እመዘግባለሁ። ከጎኑ አንዲት መስመር፦ ምን ማድረግ እንዳቃተኝ። «ደክሞኛል» ሲባል ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል። «ባለፈው ወር አራት ነበርኩ፣ አሁን ሰባት ነኝ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል» ሲባል ግን ብዕሩን ያነሣል። በአጠቃላይ አራትና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ማሟያዎቹ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጽሑፉ ከጠቀሳቸው ሁለቱ በደንብ ተፈትሸዋል። ኤል ካርኒቲን በ2012 በታተመ 376 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ከአስመሳይ እንክብል አልተሻለም። ኮኤንዛይም ኪው 10 ደግሞ በ2013 የጡት ካንሰር ባለባቸው 236 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ለድካም ምንም አልፈየደም። የአሜሪካ ጂንሰንግ ግን በዚያው ዓመት በአንድ ጥናት ከስምንት ሳምንት በኋላ ለውጥ አሳይቷል፤ ይህን ነጥብ ለጸሐፊው እተውላቸዋለሁ። ብረት ወይም ቢ 12 በምርመራ ጎድሎ የተገኘበት ሰውም መተካቱ በእርግጥ ይረዳዋል።

የሚያሳስበኝ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ያሉት ነው። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለው ዕፅ ተፈጥሯዊ ነው። ግን በደም ውስጥ ያለውን የኢማቲኒብ መጠን ያወርደዋል። ሰውየው እንክብሉን እየዋጠ ሰውነቱ ግን በቂውን አያገኝም። ግሬፕፍሩት የሚባለው ብርቱካን መሰል ፍሬ ደግሞ በተቃራኒው የአንዳንድ መድኃኒቶችን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ የእኔም አንዱ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ማሟያ ከመወሰዱ በፊት ለፋርማሲስቱ ይታይ።

«ሕክምናው ሲያልቅ ያልቃል»

ለብዙ ሰው እውነት ነው። ለብዙ ሰው ግን አይደለም። ሕክምናቸውን ከጨረሱ ሰዎች ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ድካሙ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይከተላቸዋል። «ልማድ» አይደለም። እንደገና መመርመር ያለበት ነገር ነው፤ ታይሮይድ፣ ደም፣ ልብ፣ እንቅልፍ። እንቅስቃሴውም ያኔ ይበልጥ ይረዳል።

ደግሞ ጽሑፉ ፈጽሞ የረሳን ሰዎች አለን። ለእኛ «ሕክምናው ሲያልቅ» የሚባል ቀን የለም። እኔ መድኃኒቱን የምወስደው እስከሠራ ድረስ ነው። ኢማቲኒብ የሚወስዱትም አብዛኞቹ እንደዚያው። ከጡት ካንሰር በኋላ የሆርሞን እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት ይወስዳሉ። «ጥቂት ሳምንት ቻል» የሚለው ምክር ለእኛ ምክር አይሆንም። ከድካሙ ጋር መኖር አለብን፤ ለዚህም ነው ከስምንት ወደ አምስት መውረድ ለእኛ ትልቅ ነገር የሚሆነው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ሰው ለመርዳት እንደጻፉ አምናለሁ። በባትሪው ምሳሌ ካልተስማማን አንስማማ። ስለ መንፈስ ጥንካሬ ያሉትም ይቆይ ካሉ ይቆይ። አንድ ሁለት ቀን ስለ መዝለል የጻፉትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡት። ቦታው ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ነርሷ ለእኔ ያለችኝን ያስገቡበት፤ «ደህና ነኝ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩን ይንገሩኝ።»